አቀንጭራውን ስንነቅል ማሽላውን እንዳንነቅል



ከወልድያ ተነሥቶ በጎብዬና በሮቢት በኩል ወደ ቆቦ የሚጓዝ ሰው በክረምት ወራት ግራና ቀኙን ቢመለከት፣ በምዕራብ ደጋው፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ አቅፈው የያዙት የራያ ሜዳ በማሽላ ተሸፍኖ ያገኘዋል። በዚህ ሜዳ የሚያርስ ገበሬ ስለ አረም የሚያውቀውን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ በሬውን ጠምዶ በሽልሻሎ መካከሉን ያርሳል፤ አረሙን ይገለብጣል፤ የበዛውንም ቡቃያ ያሳሳል። ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል። እርፉን አብዝቶ የተጫነ ገበሬ ከአረሙ ጋር ማሽላውን ይገለብጣል፤ ማሽላውን እንዳይጎዳ ፈርቶ ጨርሶ ያላረሰም በመከር ጊዜ የሚያጭደው ሣር ይሆናል።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ስለ ስንዴና ስለ እንክርዳድ ያስተማረው እንዲህ ያለውን ነገር ለሚያውቅ ሕዝብ ነበር። አገልጋዮቹ ሄደው እንክርዳዱን ለመንቀል ፈቃድ ቢጠይቁ፣ ባለቤቱ የስንዴው ሥር አብሮ እንዳይነቀል ሰግቶ ከለከላቸው። ልብ እንበል፤ እንክርዳዱን መልካም ነው አላለም፤ ውኃ አጠጡትም አላለም። የሰጋው ለስንዴው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የወደድነው ጉዳይም ይኸው ነው። ሰዎች ተሰብስበው በሚነጋገሩበት ቦታ ሁሉ ነገር ቆስቋሽ አይጠፋም። ጉባኤውን የሚመራ ሰው ይህን ነገር ቆስቋሽ እንዴት ይግታው? ሲገታውስ የተበደለውን ሰው አፍ አብሮ እንዳይዘጋ ምን ያድርግ? ጥያቄው የባለሥልጣኖች ብቻ አይምሰለን። በቁምስና ምክር ቤት፣ በዕድር፣ በወጣቶች ማኅበር፣ በወላጆች ስብሰባ፣ ዛሬም በየስልካችን በከፈትነው የቴሌግራም ጉባኤ ውስጥ፣ ከእኛ መካከል አንዱ ሰብሳቢ ሆኖ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ የሰው ክብርና የሰፈር ሰላም በእጁ ነው።

እስቲ ለምሳሌ ያህል አንድ ስብሰባ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ዝናብ ያጠረበት ዓመት ነው። የእርዳታ እህል መጥቶ የተረጂዎች ስም ዝርዝር ይነበባል። ባልዋ የሞተባት አንዲት ሴት ከኋላ ትነሣና ተራ ሳትጠብቅ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ስሜን ማን ሰረዘው? ለየዘመዶቻችሁ ነው የጻፋችሁት!» ትላለች። ትቆጣለች፤ ምናልባትም ክፉ ቃል ይወጣታል። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ፈገግ እያለ ይናገራል። «እኔ ለማወቅ ያህል ነው የምጠይቀው፤ ከማዶ የመጡት ሰዎች በዝርዝሩ ውስጥ እንዲህ የበዙት ለምን ይሆን? መቼም ዘራቸውን የማያውቅ የለም» ይላል። አንዳንዱ ይስቃል፤ የአንዳንዱ ፊት ይለዋወጣል።

ሰብሳቢው ሥርዓት ማስከበር ማለት ጨዋ አነጋገርን ማስከበር ብቻ ከመሰለው፣ ሴቲቱን «እናቴ፣ ይቀመጡ፤ ጉባኤ አይረብሹ» ብሎ ያስቀምጣታል። ሰውየውን ግን በሥርዓት ተናገረ ብሎ ያመሰግነዋል። እንግዲህ በዚህ ጉባኤ ማሽላው ተነቀለ፤ አቀንጭራው ቀረ። የተራበ ሰው ጨዋ ቃል መርጦ ለመናገር ጊዜ የለውም፤ ጠብን የሚዘራ ሰው ግን ቃሉን ቤቱ ተቀምጦ አሰናድቶ ይመጣል። ስለዚህ በድምፅ ከፍታና በአነጋገር ለዛ ብቻ የሚፈርድ ሰብሳቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርደው በተበደለው ላይ ነው።

በቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ ዘመን የሆነውን እናስታውስ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ ግሪክኛ ተናጋሪ የነበሩት ክርስቲያኖች መበለቶቻቸው በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ችላ ስለ ተባሉባቸው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ይህን ማጉረምረም እንደ ዐመፅ ቈጥረው ዝም አላሰኙትም። ሕዝቡን ሰበሰቡ፤ ጉድለቱን ተቀበሉ፤ ሰባት ሰዎችም እንዲመረጡ አደረጉ። የተመረጡት ሰባቱ ሁሉ የግሪክ ስም ያላቸው መሆናቸውን ስንመለከት፣ አቤቱታው ምን ያህል እንደ ተሰማ እንረዳለን። የዲቁና አገልግሎት ሥሩ የተተከለው በዚህ አቤቱታ መካከል ነው። እንደዚሁም በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ዕውሩ በርጤሜዎስ ከመንገድ ዳር ሲጮኽ ብዙዎች ዝም እንዲል ገሠጹት። ገሣጮቹ ሥርዓት የሚያስከብሩ መስሏቸው ነበር። ጌታ ግን ቆሞ አስጠራው።

የተበደለውን ዝም ማሰኘት ምን እንደሚያስከፍል የወሎ ሕዝብ ከማንም ይልቅ ያውቃል። በ1965 ዓ.ም. ራያና ቆቦን ጨምሮ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ቆላማ ወረዳዎች ረሃብ ሲጸና፣ በመንግሥት እጅ የነበሩት ጋዜጦችና ራዲዮ ስለ ረሃቡ ዝምታን መረጡ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሧቸውን ፎቶግራፎች በዚያው ዓመት በዩኒቨርሲቲው ለሕዝብ አሳዩ። የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሰማ። ይሁን እንጂ እስከዚያ ድረስ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ አልቆ ነበር። ያን ጊዜ ሕዝብ ተራበ ብሎ መናገር የአገርን ስም ማጉደፍ ይመስል ነበር። ዝምታው ግን የአንድም ልጅ ነፍስ አላተረፈም።

እኛም ካቶሊካውያን በዚህ ነገር ላይ ስንናገር ራሳችንን አውጥተን መናገር አይገባንም። ቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን እንዳያነቧቸው የከለከለቻቸውን መጻሕፍት ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1559 አውጥታ፣ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ከጠበቀችው በኋላ፣ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ፍጻሜ ቀጥሎ በ1966 አስቀርታዋለች። የሰው ኅሊና በመከልከል ብቻ ሳይሆን በማስተማር እንደሚጠበቅ ለመረዳት ረጅም ጊዜ ወስዶብናል። አገራችንም የፕሬስ አዋጅ በ1985 ዓ.ም. አውጥታ ሳንሱርን አስቀርታለች፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ማናቸውንም ዓይነት ሳንሱር ይከለክላል። ሕግ መጻፉና ሕግ መኖሩ ግን ሁለት ነገር እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን።

እንግዲህ ሁሉም የፈለገውን ይናገር፣ ማንም አይገታው እንበልን? ይህንንም እንዳንል የቆቦ ሰው ያየው መከራ ይከለክለናል። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ቆቦ ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች። በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. በከተማዪቱና በአካባቢዋ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ የሐዘኑም ቤት ገና አልተዘጋም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት እስኪፈረም ድረስ፣ ከጥይቱ ጋር ሕዝብን በጅምላ የሚያዋርድ ቃል ከየአቅጣጫው ይወረወር ነበር። አባቶቻችን «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። በሩዋንዳም እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ የግል ራዲዮ ጣቢያ በዘፈንና በቀልድ እያዋዛ የጎረቤትን ደም የሚያስጠማ ቃል ሲያሰራጭ ነበር፤ ከሕዝቡ አብዛኛው ካቶሊክ የነበረበት አገር መሆኑንም በሐዘን እናስታውሳለን። በቀልድ የተጀመረ ነገር በቀልድ አይፈጸምም።

ስለዚህ ሁለት ገደል በግራና በቀኝ አሉ፤ መንገዱ በመካከላቸው ነው። በመንገዱ ለመሄድ በመጀመሪያ ሁለቱን ድምፆች መለየት ያስፈልጋል። ሦስት ጥያቄዎች ይረዱናል።

አንደኛ፣ የሚናገረው ሰው መልስ ይፈልጋልን? ሴቲቱ መዝገቡ ተከፍቶ ስምዋ ለምን እንደ ቀረ ቢነገራት ታርፋለች። ነገር ቆስቋሹ ግን መልስ ባገኘ ቍጥር ሌላ ጥያቄ ያነሣል፤ የሚፈልገው መልስ ሳይሆን ሁከት ነውና። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 እባቡ ሔዋንን ያነጋገረው በጥያቄ ነበር፤ ጥያቄውም እግዚአብሔር ያላዘዘውን እንዳዘዘ አድርጎ የሚያጣምም ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ሐሰተኛ ወሬ ባስተላለፉት መልእክት ይህንኑ የእባብ ዘዴ ምሳሌ አድርገው አንሥተዋል።

ሁለተኛ፣ ንግግሩ የሚነካው የሰውን ሥራ ነው ወይስ የሰውን መወለድ? ኮሚቴው አዳልቷል፣ ሰብሳቢው አጥፍቷል፣ ቆሞሱ ሒሳብ አላሳየም ማለት ስለ ሥራ መናገር ነው፤ ቢመርም ይሰማ። እነዚያ ሰዎች በዘራቸው፣ በሃይማኖታቸው፣ በመጡበት አገር እንዲህ ናቸው ማለት ግን ማንም ሊመልሰው የማይችለው ክስ ነው። ሰው ሥራውን ሊያርም ይችላል፤ እናቱን ሊለውጥ ግን አይችልም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1185ም በወንጀልነት የደነገገው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግርን ነው። መራራ ወቀሳን በዚህ ስም መክሰስ ሕጉን ያለ ቦታው መጠቀም ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ተናጋሪው ለሚናገረው ነገር ኃላፊ ይሆናልን? «ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይባላል። ያየ ሰው ቀኑንና ቦታውን ይናገራል። ያላየ ሰው ግን «ተብሏል» ከሚል ቃል በስተኋላ ይሸሸጋል።

ድምፆቹን ከለየን በኋላስ ነገር ቆስቋሹን ምን እናድርገው? እዚህ ላይ ከአቀንጭራው የምንማረው አለ። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ በአፈር ውስጥም ሳይበቅል ለብዙ ዓመታት ይቆያል። የሚበቅለው የማሽላው ሥር የሚያወጣው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው። ማሽላው ሳያውቅ ጠላቱን ይጠራዋል ማለት ነው። ከዚያ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ምግቡን ይመጥጠዋል፤ ያማረ ሐምራዊ አበባው ከመሬት በላይ ሲታይ ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል። ስለ ማሽላ ባደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ፣ ይህን ምሥጢር ተከትለው አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አፍርተዋል። ከእነዚህ አንዱ እንደዚህች እንደ ጎረቤታችን ከተማ «ጎብዬ» ይባላል። የብርታቱ ምክንያት አረሙን ስለሚያጠቃው አይደለም፤ ከሥሩ የሚወጣው የመጥሪያ ንጥረ ነገር እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ዘሩ ሳይነቃ ይቀራል።

ነገር ቆስቋሽም የሚኖረው በእኛ ቍጣ ነው። በተቈጣን ቍጥር፣ ስድቡን በስድብ በመለስን ቍጥር፣ ቃሉን ለሌላ ሰው «ምን እንዳለ ስማ» እያልን በወሰድንለት ቍጥር ምግብ እንሰጠዋለን። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 26 በቍጥር 4 እና 5 ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ምክሮች አሉ፤ አንደኛው ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስ ይላል፣ ሁለተኛው መልስለት ይላል። የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ለሁለት ጊዜ የተሰጡ ናቸው። ተናጋሪው የሚፈልገው ቍጣችንን ብቻ ሲሆን ዝምታ ይሻላል። ሰሚዎቹ ተታልለው የሚቀሩ ሲሆን ግን ለሰሚዎቹ ስንል አንድ ጊዜ፣ በአጭሩ፣ እውነተኛውን ነገር ብቻ መመለስ ይገባል። ጌታችን ራሱ ለሄሮድስ ጥያቄ አንዲት ቃል አልመለሰም፤ ስለ ግብር ለጠየቁት ተንኰለኞች ግን ዲናር አስመጥቶ መለሰላቸው።

ይሁን እንጂ ዝምታ ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። አንድ የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ዘር ያፈራልና፣ ገበሬው ዘር ሳያፈራ በእጁ ይነቅለዋል። ጉባኤም እንዲሁ የሚገታበት ጊዜ አለ። እንዴት እንደሚገታ ደግሞ የአገራችን ሽማግሎች ያውቁበታል።

በራያ ቆቦ ዘወልድ በሚባለው ባህላዊ የዕርቅ ሥርዓት ሽማግሎች በደም የሚፈላለጉ ወገኖችን ያስታርቃሉ። ደም የፈሰሰበት ነገር ሲነሣ አንዲት የማይገባ ቃል ሌላ ደም ልታስከትል እንደምትችል የሚያውቁ ናቸው። በወሎ ምድር የሽማግሎች ጉባኤ በምርቃት ይከፈታል፤ የተቀመጠውም ሁሉ አሜን ወይም አሚን ይላል። ይህ ባዶ ልማድ አይደለም፤ ሁሉም ከመናገሩ በፊት ለሰላም የተሰበሰበ መሆኑን በአፉ መስክሯል ማለት ነው። ከዚያ ባለጉዳዮች ዋስ ይጠራሉ። ሰው ለሥርዓቱ እንደሚገዛ አስቀድሞ ካረጋገጠ በኋላ የልቡን ሁሉ ይናገራል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። ሽማግሌው የሚያቋርጠው ሐሳቡን አልወደድሁትም ብሎ ሳይሆን ከነገሩ ስለ ወጣ ወይም ሰው ስላዋረደ ነው።

በፊት ዘመን አውጫጭኝ በሚባለው ሥርዓት ደግሞ፣ ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ ይሰበሰብና ያየ እንዲናገር ይጠየቅ ነበር። በአደባባይ ለመናገር የሚፈራ ሰው ነገሩን በምሥጢር ያሳውቅ ነበር፤ ይህም ሰው «ወፍ» ይባላል። ለፈራ ሰው እንዲህ ያለ መንገድ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ወፍ የነገረው ሁሉ እውነት አይደለምና፣ የሰሙት ሰዎች ሳይመረምሩ ቢያወጡት ንጹሕ ሰው ይጠፋል። ስሙን የሸሸገ ሰው ይሰማ፤ ያለ ምርመራ ግን አይታመን።

ቅዱስ ወንጌልም ደረጃውን ያሳየናል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የበደለ ወንድም በመጀመሪያ ለብቻው፣ ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ባሉበት፣ በመጨረሻም በማኅበሩ ፊት ይመከራል። መለየት የሚመጣው ይህ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታችን በኢያኢሮስ ቤት በብላቴናዪቱ ሬሳ አጠገብ የሚስቁበትን ሰዎች ከቤት አስወጣቸው። ልብ ብለን እንመልከት፤ አላሳሰራቸውም፣ ከመንደርም አላባረራቸውም። ሐዘን ከተቀመጠበትና ሥራው ከሚሠራበት ክፍል ብቻ አስወጣቸው። በኤፌሶንም (የሐዋርያት ሥራ 19) ሕዝቡ ሁለት ሰዓት ያህል ሲጮኽ፣ አብዛኛውም ለምን እንደ ተሰበሰበ እንኳ ሳያውቅ፣ የከተማዪቱ ጸሐፊ ሕዝቡን ዝም አሰኝቶ ክስ ያለው ሰው ችሎት ክፍት መሆኑን ነገራቸው። ጩኸቱን ዘጋ፤ የአቤቱታውን በር ግን ከፍቶ አሳየ። ሳንሱር የምንለው ሁለቱንም መዝጋት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ግን ሰብሳቢው ራሱ ሲነቀፍ ይመጣል። ያን ጊዜ ነቃፊ ሁሉ ነገር ቆስቋሽ መስሎ ይታየናል። እኛም ጉባኤ በመራንባቸው ጊዜያት ለሰላም ብለን የከለከልነው ጥያቄ ከአዳራሹ ውጭ ቆሞ ጠብቆን ያውቃል፤ ገብቶ ቢሆን ኖሮ በግማሽ ሰዓት ያልቅ የነበረው ነገር ወራት ፈጅቷል። ስለዚህ ሰብሳቢው የተከሰሰበት ነገር ሲነሣ ወንበሩን ለሌላ ይልቀቅ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና በቍጥር 15 ምእመናን ለቤተ ክርስቲያን ጥቅም የሚመስላቸውን ለእረኞቻቸው የመግለጥ መብት፣ አንዳንዴም ግዴታ እንዳላቸው ያስተምራል፤ በቍጥር 23 ደግሞ የማንንም ሰው መልካም ስም ያለ አግባብ ማጉደፍን ይከለክላል። ሁለቱ ቀኖናዎች አብረው የሚሄዱ ናቸው። አንደኛውን ይዞ ሁለተኛውን የጣለ ሰብሳቢ ወይ ጨቋኝ ይሆናል ወይ ጉባኤውን ለተሳዳቢ አሳልፎ ይሰጣል።

በስልክ ለሚደረገው ጉባኤም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ደንቡ በመጀመሪያ ተጽፎ ለሁሉም ይነገር። የሚሰረዝ መልእክት ሲኖር ለምን እንደ ተሰረዘ ይገለጥ፤ ከሰብሳቢው ሌላ ሁለት ሰዎችም ይዩት። ቆሞሱን ወይም ኮሚቴውን የሚነቅፍ ቃል ስለ ነቀፈ ብቻ አይሰረዝ። ያልተጣራ ወሬ የላከ ሰው «ማን አየ?» ተብሎ ይጠየቅ እንጂ ወዲያው አይሰደብ። ደንቡን ደጋግሞ የጣሰ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ይከልከል፤ የሚመለስበትም ቀን ይነገረው።

አሁን ወደ ጀመርነው ስብሰባ እንመለስ። አስተዋይ ሰብሳቢ ሴቲቱን ወደ ፊት ይጠራታል። «እናቴ፣ ይቅረቡ፤ ስምዎን ይንገሩን» ይላል፤ መዝገቡን በሁሉ ፊት ይከፍታል፤ ስሕተት ካለ ያርማል፣ ከሌለም ምክንያቱን ያስረዳታል። ክፉ ቃል ወጥቷት እንደ ሆነ እህሉን ከተቀበለች በኋላ በፍቅር ይመክራታል። ሰውየውን ደግሞ ያለ ቍጣ፣ «ወንድማችን፣ ያለ አግባብ የተጻፈ ስም ካለ ጥቀስልን፤ እናጣራለን። የሰው ዘር ግን በዚህ ጉባኤ አይነሣም» ይለዋል። ስም ከጠቀሰ ይሰማል። ከደገመ ከዚያ ስብሰባ ይወጣል። በማግሥቱ ግን ሰብሳቢው ከአንድ ሽማግሌ ጋር ቤቱ ሄዶ ይጠይቀዋል። ምናልባት እርሱም ያልተሰማ ቍስል አለው፤ በጦርነቱ የሞተበት ሰው ይኖራል። አቀንጭራ ማሽላ ሊሆን አይችልም፤ ሰው ግን ይለወጣል። ጌታ እስከ መከር ታገሡ ማለቱ ይህን ተስፋ በማሰብ ነው።

የተወደዳችሁ፤ እኛ በዚህ አገር ቍጥራችን ጥቂት ነው። ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንና ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ ገበያ እንገናኛለን፤ አንዱን ሐዘን አብረን እንቀመጣለን። ብዙ ልንሠራ ባንችል፣ ደካማ የሚናገርበትና ማንም በመወለዱ የማይሰደብበት አንድ ጉባኤ በየቁምስናችን ልናቆም እንችላለን። በሚመጣው ስብሰባችሁ ከኋላ የምትጮኸውን ሴት አስቀድማችሁ ስሙ።

የመበለቶችን ጩኸት የሚሰማ፣ የሚሳደቡትንም የሚታገሥ አምላክ ለአንደበታችን ጠባቂ፣ ለጆሯችንም ማስተዋል ይስጠን። አሜን።